የሞተር ሳይክል ካርቡሬተር ማስተካከል፦ ቪቴው የመጨረሻው ነው

ሞተሩ ጠዋት በመከራ ይነሳል፣ ሚኒሞ ላይ (እጀታው ሳይነካ በሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) አይቆምም፣ ዳገት ላይ ይታፈናል። የባለቤቱ እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ካርቡሬተሩ ጎን ላይ ወዳለችው ትንሽ ቪቴ ነው። ግማሽ ዙር ወደዚህ፣ አንድ ዙር ወደዚያ፤ ለጊዜው የተሻለ ይመስላል፣ በማግስቱ ይብሳል። ያቺ ቪቴ የምታዘው ነዳጅ መስጫው (የሚጠመዘዘው እጀታ) ተዘግቶ ወይም ጥቂት ብቻ ተከፍቶ ሳለ የሚገባውን የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ነው። ዳገት ላይ ለሚታፈን ሞተር ብትዞርም ባትዞርም ለውጥ የላትም፤ ቆሻሻ የደፈነውን ቀዳዳም አትከፍትም።

እዚህ የተጻፈው 125 እና 150 ሲሲ አንድ ሲሊንደር ላላቸው ሞተር ሳይክሎች ነው። የነዳጅ መስጫው ገመድ ከላይ በክዳኑ በኩል ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ብዙዎቹ የቻይና ሞተሮች ላይ ካርቡሬተሩ ራሱ ላይ ፒዜድ26 ወይም ፒዜድ27 የሚል ተጽፎበታል። ቁጥሩ የካርቡሬተሩን መጠን ያመለክታል። ገመዱ ከጎን የሚገባና ክዳኑ ሰፊ የሆነ ካርቡሬተር ካለዎት በውስጡ ስስ የጎማ ሽፋን አለ። የቀረው አሠራር ተመሳሳይ ቢሆንም ያንን ጎማ የማጽጃ ስፕሬይ እንዳይነካው፤ ያብጥና አይመለስም። የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ እንኳ ካለችበት ሞተሩ ከፍ ያለ ዙር ላይ አይወጣም።

ካርቡሬተሩን ከመክሰስዎ በፊት

በካርቡሬተር ከሚሳበበው ችግር ብዙው የሌላ ነው። ስለዚህ ምንም ሳይፈቱ ግማሽ ሰዓት ምርመራ ላይ ያጥፉ።

ከአየር ፊልትሮው ይጀምሩ። በበጋ ኮረኮንች ላይ የሚሠራ ሞተር ፊልትሮው በሁለት ሳምንት ሊታፈን ይችላል፤ የታፈነ ፊልትሮ ደግሞ ድብልቁን ያወፍራል፣ ማለትም ከአየሩ ይልቅ ቤንዚኑ ይበዛል። ስፖንጅ ከሆነ በሞቀ ውኃና በሳሙና እየጨመቁ ያጥቡት (አይጠምዝዙት፣ ይቀደዳል)፣ ጥላ ውስጥ ያድርቁት፣ ጥቂት የሞተር ዘይት ያርከፍክፉበትና ትርፉን በጨርቅ ጨምቀው ያውጡ። ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ በአየር ይነፋል፣ ካልጸዳ ይቀየራል። «ፊልትሮውን ሳወልቀው ጥሩ ይሄዳል» ብሎ ያለ ፊልትሮ መንዳት ግን ፋሻን፣ ማለትም የፒስተኑን ቀለበት፣ ከነሲሊንደሩ በአቧራ መሞረድ ነው።

ቀጥሎ ቤንዚኑ። ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ነቅለው ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ያስገቡና መክፈቻውን ይክፈቱ። ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። ጥሩ ጀምሮ ከአንድ ደቂቃ በኋላ እየቀጠነ ከሄደ የታንኩን ክዳን ይክፈቱ፤ ወዲያው ከተስተካከለ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ ተደፍኗል ማለት ነው። «ሃያ ደቂቃ ከሄደ በኋላ ቀጥ ይላል፣ ትንሽ ካረፈ ይነሳል» የሚባለው ሞተር ብዙ ጊዜ ሕመሙ ይኸው ነው። ጠርሙሱን ለአምስት ደቂቃ አስቀምጠው ሥሩን ይዩ። ውኃ ካለ ከታች እንደ ዶቃ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ከመንገድ ዳር የተገዛ ቤንዚን ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ያድርጉ፤ ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ይጠፋል፣ ነጭ ጋዝ ያለበት የቅባት እድፍ ትቶ ይቆያል። እንዲህ ያለ ነዳጅ ታንክ ውስጥ እያለ የሚደረግ ማስተካከል ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ካንዴላውን ያውጡ። ክፍተቱ በአብዛኞቹ እነዚህ ሞተሮች ላይ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ነው። ነጩ ሸክላ በሚገባ ድብልቅ ሲሠራ የማኪያቶ ቀለም ይይዛል። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን እንደበዛ ይናገራል፤ ነጣ ብሎ ያረረ መምሰሉ ቤንዚን አንሶት ሞተሩ እንደሚግል ያሳያል። እርጥብና ቅባታም ጥቁር ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ያ ደግሞ የፋሻ ወይም የቫልቭ ጉዳይ እንጂ ከካርቡሬተር ጋር አይገናኝም። የቫልቭ ክፍተትም ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ይለካ። እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የጠበበ ቫልቭ ሞተሩን በሙቀት ሚኒሞ ያሳጣዋል፣ ሰውም ካርቡሬተሩን ሲፈታ ሲገጥም ይውላል።

የመጨረሻው የአየር ስርቆት ነው። በካርቡሬተሩና በሞተሩ መሃል ያለው ጎማ ወይም ኦሪንግ ከተሰነጠቀ ያልታሰበ አየር ይገባል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ሳለ መጋጠሚያውን ዙሪያ የሳሙና ውኃ ይርጩበት። ዙሩ ከተለወጠ ስርቆቱን አገኙት። አንዳንዱ ሰው ይህን በቤንዚን ይሞክረዋል፤ የጋለ ማርሜታ አጠገብ ቤንዚን መርጨት እሳት መጥራት ነው።

የነዳጅ መስጫው ይናገራል

ካርቡሬተሩ አንድ ዕቃ ይመስላል እንጂ በውስጡ ተራ የሚጠብቁ ሦስት አራት መንገዶች አሉት። መካኒኮች ጂግለር የሚሏቸው፣ በመለዋወጫ ሱቅ ጄት ብትሉም የሚሰጧችሁ፣ መሃላቸው ቀዳዳ የሆነ የነሐስ ብሎኖች ሁለት ናቸው። ትንሹ ጂግለርና የጎኗ ቪቴ ከዝግ እስከ አንድ ስምንተኛ ያለውን ያዛሉ። ከዚያ እስከ ሩብ ድረስ የስላይዱ የተቆረጠ ጠርዝ ይገባበታል፤ ስላይድ ያልነው ከገመዱ ጋር ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰውን ክብ ብረት ነው። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ሥልጣኑ በስላይዱ ሥር የተንጠለጠለው ረጅም መርፌ ነው። ከሦስት አራተኛ በላይ ትልቁ ጂግለር ብቻውን ይገዛል።

እንግዲህ ሞተሩ የሚያስቸግረው እጀታው የት ላይ ሲሆን ነው? ይህን ለማወቅ በእጀታው ላይና አጠገቡ ባለው ቋሚ ክፍል ላይ የነጭ ፕላስተር ቁራጭ ይለጥፉ፤ ዝግ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛና ሙሉ የሚሆኑበትን በእስክሪብቶ ያስምሩ። የፍጥነት መቁጠሪያውን ሳይሆን ይህን ምልክት እያዩ መኪና በማይበዛበት መንገድ ይንዱ። በሦስተኛ ማርሽ ግማሽ ላይ የሚንተፋተፍ ሞተር የጎኗን ቪቴ መቶ ጊዜ ቢያዞሩለትም አይሰማም፤ የእሱ ነገር ያለው መርፌው ላይ ነው።

ቦታው ከታወቀ በኋላ ድብልቁ ወፍሮ ነው ወይስ ቀጥኖ የሚለው ይቀራል። ለዚህ ቾኩ (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ድብልቁን የሚያወፍረው መሳቢያ) ጥሩ ምስክር ነው። ሞተሩ በሚገባ ሞቆ በሚያስቸግርበት ቦታ ላይ ሳለ ቾኩን ለአፍታ በትንሹ ይሳቡ። ከተሻለው ቤንዚን አንሶት ነበር፤ ከባሰበት በዝቶበታል። ምልክቶቹም ይለያያሉ፦ የቀጠነ ሞተር በካርቡሬተሩ ያስነጥሳል፣ እጀታውን ሲለቁት ማርሜታው ይተኩሳል፣ ዙሩ ቶሎ አይወርድም፣ ይግላል። የወፈረው ደግሞ ድምፁ ይደፈናል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ደህና ሆኖ ሲሞቅ ይብስበታል፣ ቤንዚንም ይጠጣል።

መፍታት

ሥራው ክፍት ቦታ ላይ ይሁን፤ ቡና ከሚፈላበት ከሰል፣ ከሲጋራና ከምድጃ የራቀ። የቤንዚን ትነት መሬት ለመሬት ተጉዞ እሳት ያገኛል። ሞተሩን ለሙከራ የሚያስነሱት ዝግ ክፍል ውስጥ አይሁን፤ ጭሱ የሚገድለው ከሰል ጭስ በሚገድልበት መንገድ ነው።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ የ8፣ የ10 እና የ12 ቁልፍ፣ የመስቀልና ጠፍጣፋ ካቻቪቴ በሁለት መጠን፣ ፒንሳ፣ ነጭ ትሪ ወይም ሳህን፣ ክሩ የማይነቀል ጨርቅ፣ የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ፣ ካልተገኘ ንጹሕ ቤንዚንና ለስላሳ ብሩሽ። ጠፍጣፋው ካቻቪቴ ከጂግለሩ ስንጥቅ ጋር ልክ መሆን አለበት። ነሐስ ለስላሳ ነው፣ የጠበበ ካቻቪቴ አፉን ይበላውና ጂግለሩ ውስጥ ይቀራል። ስፕሬይ ሲጠቀሙ መነጽር ያድርጉ፤ በአንዱ ቀዳዳ የረጩት በሌላው ወጥቶ ዓይን ይመታል።

የቤንዚን መክፈቻውን ይዝጉ። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ቪቴ ፈትተው በቋቱ (ቤንዚን በሚጠራቀምበት የታችኛው ክፍል) ውስጥ የቀረውን ጠርሙስ ውስጥ ያውርዱና አሸዋ፣ ዝገትና ውኃ እንዳለው ይዩ። የላይ ክዳኑን በእጅ ያዙሩ፤ ስላይዱ፣ መርፌውና ሞላው ከገመዱ ጋር አብረው ይወጣሉ። እነሱን ንጹሕ ላስቲክ ውስጥ ጠቅልለው ያንጠልጥሉ፤ መሬት እንዳይነኩ። ከፊልትሮው በኩል ያለውን ፋሸታ (ማሰሪያ ቀለበት) ያላሉ፣ ከሞተሩ በኩል ያሉትን ሁለት ብሎኖች ይፍቱ፣ ካርቡሬተሩን ያውጡ። በየደረጃው በስልክዎ ፎቶ ማንሳት ሲገጥሙ ከብዙ ግምት ያድናል።

አሁን ወደ ጎኗ ቪቴ። ከመፍታትዎ በፊት ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ያዙሯትና እስክትቆም ስንት ዙር እንደሄደች ይቁጠሩ፤ ሁለት ዙር ከሩብ ከሆነ እንዲያው ይጻፉ። ስትቆም በጣት ኃይል ብቻ ይቁም። ከዚያ በላይ ከተጠበቀች ሹል ጫፏ የምትገባበትን ቀዳዳ ታሰፋለች ወይም ተሰብራ ትቀራለች፤ ያን ጊዜ ካርቡሬተሩ ለሚኒሞ ሞቷል። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይፍቷት። ከኋላዋ ሞላ፣ ትንሽ ሮንዴላና ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ኦሪንግ አሉ። ኦሪንጓ ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ውስጥ ተጣብቃ ትቀራለች። ሳያወጧት አየር ከነፉ ተፈናጥራ ትጠፋለች፣ ያለ እሷ ደግሞ ሚኒሞ አይስተካከልም።

የቋቱን ቪቴዎች ይፍቱ። የተጣበቁ ከሆነ ካቻቪቴውን ጫን አድርገው ጀርባውን በትንሽ መዶሻ ነካ ነካ ማድረግ ከመጠምዘዝ ይሻላል። ጓርኒሲዮኑን (የመጋጠሚያውን ማሸጊያ) ሳይቀድዱ ያላቅቁ። ተንሳፋፊው በቋቱ ውስጥ ቤንዚኑ ላይ ተንሳፍፎ ከፍታውን የሚጠብቀው ነው፤ ዘንጉ ተስቦ ሲወጣ ተንሳፋፊውና በእሱ ላይ የተንጠለጠለው ሾጣጣ መዝጊያ አብረው ይነሳሉ። መሃል ላይ ያለው ትልቁ ጂግለር ነው፤ ከላዩ ዙሪያውን ቀዳዳ የበዛበት ቱቦ ተያይዟል። ከጎኑ ጠለቅ ብሎ ያለው ቀጭኑ ትንሹ ጂግለር ነው። በላያቸው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይመዝግቡ።

ማጽዳት

ጎማና ኦሪንግ ሁሉ ከወጣ በኋላ አካሉን በስፕሬይ ያርሱትና አሥር ደቂቃ ይተዉት። ቡና አተላ የመሰለ ሽፋን ካለ ወራት የቆየ ቤንዚን ደርቆ የሠራው ሙጫ ነው፤ አንድ ዙር አይበቃውም።

የትንሹ ጂግለር ቀዳዳ ዓይን አያምነውም። በኬይሂን (የጃፓን ካርቡሬተር ሠሪ) አቆጣጠር 38 የተጻፈበት ጂግለር ቀዳዳው 0.38 ሚሊሜትር ነው። ወደ ፀሐይ አቅንተው ይዩት፤ ክብ የብርሃን ነጥብ ካልታየ ተደፍኗል። የሚከፈተው በስፕሬይና በአየር ነው፣ እምቢ ካለ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ በተመዘዘ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር። የልብስ መርፌ፣ የሽቦ ብሩሽና የብረት ክር አይጠጉት። ብረት ከነሐስ ይጠነክራል፣ ቀዳዳውን በመቶኛ ሚሊሜትር እንኳ ቢያሰፋው ያ ጂግለር ቁጥሩ ሐሰት ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ምንም ቢስተካከል ቤንዚን እንደጠጣ ይኖራል፤ ጥፋቱም ስለማይታይ ማንም አያገኘውም።

ብዙ ሰው ጂግለሮቹን አጽድቶ አካሉን ይረሳል። በፊልትሮው በኩል ባለው አፍ ውስጥ አንድ ሁለት የአየር ቀዳዳዎች አሉ፤ ስላይዱ በሚያርፍበት ቦታ ወለሉ ላይ ደግሞ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታያሉ። የስፕሬዩን ቀጭን ቱቦ የጎኗ ቪቴ ከወጣችበት ቀዳዳ አስገብተው ሲረጩ በእነዚህ በጥቃቅኖቹ መውጣት አለበት። ካልወጣ አይግጠሙ። ኮምፕረሰር ቤት ውስጥ የለም፤ አካሉን ይዞ ሰፈር ጎሚስታ ጋ መሄድ ነው፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ተንሳፋፊው ሳይወጣ በጎማ አየር መንፋት ግን ተንሳፋፊውን ያጨማድደዋል።

ሾጣጣውን መዝጊያ ጫፉን በጥፍርዎ ይዳስሱ። ዙሪያውን የቀለበት ጭረት ከተሰማዎት መቀየር አለበት፤ ሲጸዳ አይድንም። ተንሳፋፊውን ጆሮዎ አጠገብ ያናውጡ፦ ፈሳሽ ከተንቦጫቦጨ ተበስቷል፣ ሰምጦ ይቀራል፣ ቤንዚንም ያለማቋረጥ ይፈሳል።

የተንሳፋፊው ከፍታ ሁለተኛው የተረሳ ነገር ነው። ቋቱ ውስጥ ያለው የቤንዚን ከፍታ ሁሉንም መንገዶች በአንድነት ያወፍራል ወይም ያቀጥናል፤ «ሁሉም ቦታ ላይ ትንሽ ትንሽ ያስቸግራል» ለሚባል ሞተር መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ካርቡሬተሩን ቀስ ብለው ያጋድሉ፤ የተንሳፋፊው ምላስ የመዝጊያውን ትንሽ ሞላ ነካ ብሎ ሳይጫነው ሲቆም የተንሳፋፊው ጠርዝ ከአካሉ ጠርዝ ጋር ትይዩ ሊሆን ይገባል። የሞተሩ መመሪያ በሚሊሜትር ልኩን ከሰጠ የሚገዛው እሱ ነው። ማስተካከል የሚቻለው የብረት ምላስ ያለውን ብቻ ነው፤ በጣም በትንሹ ያጥፉት፣ አንድ ሚሊሜትር ብዙ ነው። ከመግጠምዎ በፊት በቤንዚን መግቢያው በኩል በቱቦ ይንፉ፦ ተንሳፋፊው ሲንጠለጠል አየሩ ያልፋል፣ በጣትዎ ቀስ ብለው ሲያነሱት ጸጥ ማለት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ካርቡሬተሩ ቆሞ እያለ በማፍሰሻ ቱቦው ቤንዚን ሲያንጠባጥብ ከከረመ የዘይት መለኪያውን አውጥተው ያሽትቱ። ቤንዚን ከሸተተ ወይም የዘይቱ ከፍታ ከጨመረ ቤንዚኑ በሲሊንደሩ አልፎ ዘይት ውስጥ ገብቷል። ዘይቱን ሳይቀይሩ አይንዱ። የቀጠነ ዘይት ሞተሩን ይበላዋል፣ ያን ጊዜ የካርቡሬተር ወጪ ቀልድ ይሆናል።

መግጠም

አፈታቱን ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ ጂግለሮቹ ቆም ካሉ በኋላ ትንሽ ጠበቅ ማድረግ ብቻ፣ የጎኗ ቪቴ ወደ ተጻፈው ቁጥሯ፣ ቁጥሩ ከጠፋ ወደ ሁለት ዙር።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ስላይዱ ነው። የተቆረጠው ጠርዙ ወደ ፊልትሮው ይዞራል፣ ጎኑ ላይ ያለው ስንጥቅ ደግሞ አካሉ ውስጥ ባለችው ትንሽ ጥርስ ላይ ይገባል። ተገልብጦ ከገባ ክዳኑ ይዘጋል፣ ስላይዱ ግን ክፍት ሆኖ ይቆማል፤ ሞተሩ እንደተነሳ ሙሉ ዙር ይጮኻል። ስለዚህ ሳያስነሱ እጀታውን ከፍተው ይልቀቁት። ስላይዱ «ጠቅ» ብሎ መውረዱ ሊሰማ ይገባል። መሪውን ሙሉ ግራና ሙሉ ቀኝ አዙረው ይድገሙት። የገመዱ ልቅነት እጀታው ላይ ከ2 እስከ 6 ሚሊሜትር ይሁን።

ማስተካከል

ሞተሩን ከአምስት እስከ ሰባት ኪሎሜትር ነድተው ያሙቁት። በቀዝቃዛ ሞተር የተስተካከለ ሚኒሞ ሲሞቅ ይወፍራል። ቾኩ መመለሱን ያረጋግጡ፤ ይህ የሚያስቅ ይመስላል ግን ብዙ ሰዓት በልቷል።

ሁለት ቪቴዎች አሉ፣ አይምታቱ። ትልቋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሞላ ያላት፣ ስላይዱን ከሥር የምትደግፍ የሚኒሞ ቪቴ ናት፤ ዙር ትጨምራለች ወይም ትቀንሳለች እንጂ ድብልቅ አትነካም። ሌላዋ፣ እስካሁን የጎኗ ቪቴ ያልናት፣ የድብልቋ ናት። ይቺኛዋ የት እንዳለች ማየት ግዴታ ነው። ከስላይዱ ወደ ሞተሩ በኩል ያለች ከሆነ የምታሳልፈው ቤንዚን ነው፦ ወደ ውጭ ሲፈቷት ድብልቁ ይወፍራል። ወደ ፊልትሮው በኩል ያለች ከሆነ የምታሳልፈው አየር ነው፦ ወደ ውጭ ሲፈቷት ድብልቁ ይቀጥናል። ሁለት ጎረቤታሞች ተመካክረው አንዱ ሲሳካለት ሌላው የሚበላሽበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

የሚኒሞ ቪቴዋን አጥብቀው ዙሩን ከወትሮው ትንሽ ከፍ ያድርጉ። ከዚያ የድብልቋን ቪቴ ሩብ ሩብ ዙር ወደ ውስጥ ያስገቡ፤ ከእያንዳንዱ ሩብ በኋላ አሥር አሥራ አምስት ሰከንድ ይጠብቁ፣ ሞተሩ ወዲያው አይመልስም። ዙሩ ወርዶ መንተፋተፍ ሲጀምር ይቁሙና ቦታውን ያስታውሱ። አሁን ወደ ውጭ፤ ዙሩ ይነሳል፣ ከፍ ይላል፣ ከዚያ እንደገና ይወርዳል ወይም ይዛባል። በሁለቱ መሃል ዙሩ ከፍ ብሎ ድምፁ የጠራበት ቦታ ነው የሚፈለገው። ከዚያ የሚኒሞ ቪቴዋን አላልተው ወደ 1,400 ዙር በደቂቃ አካባቢ ያውርዱና የድብልቋን እንደገና አንድ ጊዜ ይድገሙ። መቁጠሪያ ከሌለ በጆሮ፦ ሞተሩ ሳይጣደፍም ሳይንገዳገድም እኩል እየመታ፣ መብራቱ ሲበራ የማይጠፋበት።

ቪቴዋ የት ላይ እንደቆመች ራሱ መረጃ ነው። የቤንዚን ቪቴ ከሆነች ከሦስት ዙር በላይ ወጥታ ካልሆነ ሞተሩ ካልተመቸው ትንሹ ጂግለር አንሷል፣ ከዚያ በበለጠ ግን ገና ተደፍኗል ብሎ መጠርጠር ይሻላል። ግማሽ ዙር ላይ ካልሆነ ካልተመቸው ጂግለሩ ትልቅ ነው ወይም ቀዳዳው ሰፍቷል። የአየር ቪቴ ከሆነች ተቃራኒውን ያንብቡ።

እጀታውን በድንገት ሩብ ያህል ይክፈቱና ይልቀቁ። ሲከፈት አፍታ ሞቶ ከተነሳ ቀጥኗል፤ ሩብ ዙር ያወፍሩ። ሲለቀቅ ዙሩ ከሚኒሞ በታች ወርዶ ከተመለሰ ወፍሯል። ተሰቅሎ ከቆየ ደግሞ ቀጥኗል ወይም አየር ይሰርቃል። መሪውን ግራና ቀኝ ሲያዞሩ ዙሩ ከተለወጠ ገመዱ ነው እንጂ ካርቡሬተሩ አይደለም።

መርፌው ላይኛው ጫፉ አጠገብ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ስንጥቆች አሉት፣ በአንዱ ላይ ትንሽ ማያያዣ ተነክሷል። ማያያዣው ወደ ታች ሲወርድ መርፌው ከፍ ይላል፣ ቤንዚን ይጨምራል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ይቀንሳል። በአንድ ጊዜ አንድ ስንጥቅ ብቻ፣ ከዚያ ነድቶ መሞከር። ማያያዣው ሲነቀል ይፈናጠራል፣ መርፌውን ላስቲክ ውስጥ አስገብተው ይሥሩ። ትልቁን ጂግለር ለመመዘን ሙሉ ከፍተው በሚነዱበት ጊዜ እጀታውን በጥቂቱ መልሱት፦ ሞተሩ ሲመለስለት ጉልበት ካገኘ ሙሉ ላይ ቤንዚን ያንሰዋል።

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ጂግለርም መርፌም ቪቴም አብሮ የነካ ሰው ቢሻሻል ለምን እንደተሻሻለ፣ ቢበላሽ ወዴት እንደሚመለስ አያውቅም።

ከፍታ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየሩ ግፊት እዚህ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ካርቡሬተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፣ ቤንዚኑን ከሚገባው በላይ ያወርዳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ከአሥር በመቶ በላይ የወፈረ ድብልቅ ይዞ ይሠራል፤ 2,800 ሜትር ግድም ያለችው ደብረ ብርሃን ላይ ይብሳል። ካንዴላው ቶሎ ቶሎ የሚጠቁረው፣ ሙሉ ሲከፈት የሚታፈነው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ የመርፌውን ማያያዣ አንድ ስንጥቅ ወደ ላይ። ሙሉ ሲከፈት አሁንም የሚታፈን ከሆነ ትልቁን ጂግለር በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ ማሳነስ፤ 100 የነበረ በኬይሂን ዓይነት ቁጥር 95 አካባቢ ይሞከራል። የኬይሂን ቁጥር የቀዳዳው ስፋት በመቶኛ ሚሊሜትር ሲሆን የሌላው ሠሪ የሚኩኒ ግን ብዙ ጊዜ የሚያሳልፈው የቤንዚን መጠን ነው፤ የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር አያወዳድሩ። አዲሱን ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፣ የክሩ ስፋትና ርዝመቱም ልዩ ልዩ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሞተሩ ይጠራል፣ ነዳጅ ይቀንሳል፣ ነገር ግን የቆላውን ጉልበት አያገኝም። የጎደለው አየር ነው፣ አየርን ደግሞ ጂግለር አይጨምርም።

ተቃራኒው መንገድ ግን ያስፈራል። ለደጋ የቀጠነ ሞተር 1,200 ሜትር ላይ ወዳለችው ድሬዳዋ ወይም 500 ሜትር ግድም ወዳለችው ጋምቤላ ሰውና ጭነት ይዞ ሙሉ ተከፍቶ ቢወርድ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ከቆላው ሙቀት ጋር ፒስተኑ ግሎ ሊነክስ (ሲሊንደሩ ላይ ሊጣበቅ) ይችላል። አሮጌውን ጂግለር በፕላስተር ጠቅልለው ከመቀመጫው ሥር ያኑሩት፤ ከመውረድዎ በፊት እሱን ይመልሱ፣ ማያያዣውንም ወደ ነበረበት ስንጥቅ ያውርዱ፣ ቆላ ደርሰው ሃያ ሠላሳ ኪሎሜትር እንደሄዱ ካንዴላውን አውጥተው ቀለሙን ይዩ።